ሰባት ዓመት የሳተው ባነር

እኛ ካላንደር ሻጮች ነን። መርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ አለፍ ብሎ ባለችው ሱቃችን ደብተርም እስክሪብቶም አይጠፋም፤ ቤቱን ያቆመው ግን የግድግዳ ካላንደር ነው። ያንን የምታውቁትን፣ የእኛ ቀን በትልቁ፣ የፈረንጁ ደግሞ ጥግ ላይ በትንሹ የተጻፈበትን። አባቴ ሱቅ ከመክፈታቸው በፊት ጳጉሜን በመጣ ቁጥር አስፋልት ዳር አንጥፈው ይሸጡት ነበር። እኔም ባንኮኒው ስር ድኼ አድጌ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ እያረጀሁ ነው። የእኛና የፈረንጅ ዘመን በስንት እንደሚለያይ ግራ የገባው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። "እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት" እያልኩ ሳስረዳ ዕድሜዬ አለቀ።

እንግዲህ ዘመን ቆጠራ ላይ ይሳሳታሉ ተብሎ የማይጠረጠር ቤተሰብ ቢኖር የእኛ ነው። እኛም ታዲያ አላሳፈርንም። ስንሳሳት በደንብ ነው፤ ትልቅ ባነር ላይ፣ በቀለም አሳትመን፣ ዘመድ አዝማድ ጠርተን።

ነገሩ የጀመረው አባቴ ዘንድሮ መቶ ዓመት ሊሞላቸው በመሆኑ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከቻይና የቤት ዕቃ አስመጪ ነው፤ ከቻይና ያላስመጣው ነገር ቢኖር ትሕትና ብቻ ነው። የሌላ አስመጪ አባት ሰማንያ ሲሞላቸው ድንኳን ተጥሎ፣ በሬ ተጥሎ አይቶ ከመጣ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። "የእኛ መቶ ናቸው እኮ! መቶ!" ይላል፣ የወለዳቸው እሱ ይመስል።

ችግሩ አባቴ ልደት አያከብሩም። አለማክበር ብቻ አይደለም፤ ያን ቀን ሱቅ ይዘጋሉ፣ እህል አይቀምሱም፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ወደ ግድግዳው ዞረው ይውላሉ። ምክንያቱን ያወቅነው ከእናታችን ነው፣ ነፍሷን ይማረውና። አባቴ ጉራጌ አገር የተወለዱ ዕለት እናታቸው በወሊድ ሞተዋል። ያሳደገቻቸው እንጀራ እናት ናት። እሷም የተባረከች ሴት፣ የክርስትና ስማቸውን አንድ ቀን እንኳ ጠርታ ምላሷን አላደከመችም፤ "እናቱን የበላው" ነበር የምትላቸው። እናቱን የበላው፣ እንጨት ፍለጥ። እናቱን የበላው፣ ና ብላ። አባቴ ይህን ስም ሸሽተው ነው በልጅነታቸው በእግር አዲስ አበባ የገቡት። ስሙ ግን አብሯቸው ገባ። ይኸው ሱቅ ከፍተው፣ ልጅ ወልደው፣ ልጅ ድረው፣ በተወለዱበት ቀን አሁንም ወደ ግድግዳው ይዞራሉ።

"በእናቴ ሞት ቀን ኬክ አልቆርጥም" አሉ ወንድሜን። አለቀ፣ ደቀቀ።

ወንድሜ ግን "እንቢ" የሚለውን ቃል የዋጋ ድርድር መጀመሪያ አድርጎ ነው የሚያየው። ጥቅምት ውስጥ አንድ እሑድ፣ አብነት ሰፈር ባለው ቤታችን ምሳ በልተን እንደተቀመጥን፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረውን ልጁን ላከብን። ልጅቷ አባቴ እግር ስር ቁጭ ብላ ስልኳን አወጣች።

"አባባ፣ የተወለዱት መቼ ነበር?"

"በ1918። የኅዳር ሚካኤል ማግስት። ያጠመቁኝ ቄስ ናቸው የነገሩኝ።"

"እስቲ በዚያ ዓመት ዓለም ላይ ምን ምን እንደሆነ ልይልዎ" ብላ ስልኳን መጎርጎር ጀመረች።

ለካ ዓለም በዚያ ዓመት ፋታ አልነበራትም። ልጅቷ ታነባለች፣ እኛ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። ታላቁ የዓለም ጦርነት አበቃ። ወንድሜ ራሱ ያስታረቃቸው ይመስል ራሱን ነቀነቀ። የሩሲያው ንጉሥ ከነሚስቱ ከነልጆቹ ተገደለ። አባቴ "ነፍስ ይማር" አሉ። እንግሊዝ አገር ለሴቶች ድምፅ መስጠት ተፈቀደ፤ ያውም ሠላሳ ለሞላቸው፣ ከዚያ በፊት አእምሯቸው አይበስልም ተብሎ ይሆናል። ወንድሜ በዓይኑ ጠቅሶኝ "ይኸው መዘዙ" አለ። ሩሲያ የቀን አቆጣጠሯን ቀይራ ሕዝቡ ተኝቶ ሲነሳ አሥራ ሦስት ቀን ጎድሎ አገኘው። እዚህ ላይ እኔ ካላንደር ሻጯ በሳቅ ፈረስኩ። "ምስኪኖች፣ ቀናቸው ጠፋባቸው!" አልኩ። የእኛ ሰባት ዓመት ዓይኔ ሥር ሲጠፋ እኔ በሩሲያ እስቃለሁ።

ልጅቷ ቀጠለች። "ጉንፋን የሚመስል ወረርሽኝ ዓለምን አዳረሰ። በየአገሩ ሕዝብ አለቀ። ኢትዮጵያም ገብቶ የኅዳር በሽታ ተባለ።"

"ድገሚው" አሉ አባቴ።

ደገመችው።

"በኅዳር?"

"በኅዳር፣ አባባ። ኅዳር ሲታጠን የሚባለው እኮ ለዚያ ነው። በሽታው እንዲጠፋ ቆሻሻ እያቃጠሉ አጠኑት።"

"እኔ በተወለድኩበት ዓመት?"

"በዚያው ዓመት።"

አባቴ ወደ ልጅቷ ስልክ ጎንበስ አሉ። "እንግዲያ እናቴን በሽታው ይሆናላ የወሰዳት" አሉ ቀስ ብለው። "አገር ሙሉ ሲያልቅ እሷም ሄደች ማለት ነው። እኔ አይደለሁማ።" ወደ ወንድሜ ዞሩና "አድርጉት" አሉ። "ድግሱን አድርጉት። እኔም እበላለሁ።"

ወንድሜ ከደስታው ብዛት ልጁን ሳማት። እኔ እንባዬ መጣ። ባጭሩ፣ አንድም ሰው ጣቱን አውጥቶ አልቆጠረም።

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ አንድ ሰውዬ ልጃቸው ለውጭ አገር ጉዳይ የልደት ዘመኑን በፈረንጅ አምጣ ተብሏልና ቁጠሪልኝ አሉኝ። ልጁ በጥቅምት የተወለደ ነው። "ጋሼ፣ ሰባት ይደምሩበት" አልኩ እንደ ልማዴ። "ሰባት" ስል አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ሰውዬው ያመመኝ መስሏቸው "ውኃ ይምጣልሽ?" አሉ።

የአባቴ 1918 የእኛ ነዋ! ቄስ በፈረንጅ ይቆጥራሉ እንዴ? ልጅቷ ስልኳ ላይ ያገኘችው 1918 ደግሞ የፈረንጅ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ በሽታው አገራችን ሲገባ በእኛ ገና 1911 ነበር። አባቴ ያኔ አልተፀነሱም። አያቴ ያን በሽታ አልፋ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ በጤና ኖራ፣ ከዚያ ነው በአባቴ ወሊድ የሞተችው። ሩሲያ ካላንደር ቀየረች ብላ ያነበበችልን ልጅ ካላንደር መቀየሩን ረስታው፣ እኛ የካላንደር ነጋዴዎቹ ደግሞ አጨብጭበንላታል። ወይ ውርደት!

ሱቁን ለጎረቤታችን ለሐጂ አደራ ብዬ በታክሲ ወደ አብነት በረርኩ። ሐጂ ከአባቴ ጋር ግድግዳ ተጋርተው ሲነግዱ ያረጁ ሰው ናቸው፤ "ምነው ደህና?" ሲሉኝ "ደህና" ብዬ ዋሸሁ። ያ ውሸት የመጀመሪያው ነው፤ ከዚያ በኋላማ ለመድኩት።

ቤት ስደርስ አባቴ በረንዳ ላይ አዲስ ኮት እየለኩ ነው። ኮት! በሕይወታቸው ኮት ግዙልኝ ብለው የማያውቁ ሰው። ሲያዩኝ "እስቲ ነይ፣ ትከሻው ሰፋ እንዴ?" አሉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው "ስለ እንጀራ እናቴ ሳስብ አደርኩ" አሉኝ። ስለዚያች ሴት በራሳቸው አፍ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። "አላወቀችም ነበር ማለት ነው። በሽታው መሆኑን ማን ይንገራት? ምስኪን። ማርኳት።"

ልነግራቸው የመጣሁትን ነገር ምራቄን ውጬ አብሬ ዋጥኩት። "ትከሻው ልክ ነው፣ አባባ" አልኩ። ትከሻው በሁለት ጣት ይሰፋል።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ እኔ የሰው ስሕተት አይቶ ማለፍ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ሠርግ ጥሪ ላይ ቀኑና ዕለቱ ካልገጠመ ለሙሽራው እደውላለሁ። አሁን ግን አንጀቴ አልችል አለ። እውነቱን ብነግራቸው እናታቸውን ከሕዝቡ መሐል መልሼ አውጥቼ እሳቸው ጫንቃ ላይ መጫኔ ነው። በመቶ ዓመታቸው! ስለዚህ ወደ ወንድሜ ሄድኩ። ትልቅ ሰው ነው፣ መላ አያጣም ብዬ። አይ የእኔ ነገር!

"ሰባት ዓመት ምን አላት?" አለኝ። "ባነሩ እኮ ታትሟል።"

እውነትም ታትሟል። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አሳትሞ አምጥቶታል። መሐል ላይ አባቴ በጉርድ ፎቶ፣ ከበላያቸው "1918" በወርቅ ቀለም፣ ዙሪያቸውን የዓለም ጉድ ሁሉ። በቀኝ የብረት ቆብ ያደረጉ ወታደሮች፣ በግራ ጢማሙ የሩሲያ ንጉሥ፣ ከላይ ባርኔጣ የደፉ የእንግሊዝ ሴቶች። ከታች በትልቁ "የኅዳር በሽታ" ይላል። አባቴ ከበሽታው በላይ ፈገግ ብለዋል። ልጅቷ ስሕተቷን ስነግራት አለቀሰች፤ "ለአባባ ልንገራቸው፣ እትዬ" አለች። "ትንፍሽ ብትይ!" ብዬ አስማልኳት። የተማረ ትውልድ አገር ይለውጣል ሲሉኝ ሰባት ዓመት ወደፊት ገፍቶ መሆኑን አልነገሩኝም ነበር።

አሁን የሚያሰጋኝ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። የወንድሜ ሚስት አባት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። "ዘንድሮ እንኳ መምህርን ባናስቸግራቸው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል" ብዬ ወንድሜን ብለማመጥ፣ "አማቴን ላስቀር? ቤቴን ልታፈርሺ ነው?" ብሎ ጮኸብኝ። እሺ፣ ይምጡ፤ ጉዱን አብረን እናያለን።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት ቅዳሜ ዋለ። የነቢያት ጾም አልገባም፤ ክትፎው ቀረበ፣ ቆጮው ቀረበ። ለሐጂና ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን በራሳቸው ሰው የታረደ ሥጋ በሌላ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። ሐጂ ባነሩን አይተው "አጃኢብ! ጋሼ፣ እርስዎ ሲመጡ ጦርነቱ ቆመ ማለት ነው?" አሉ። አባቴ በሰፊው ኮታቸው ውስጥ ሆነው ሳቁ። ኬኩን ቆረጡ። ከዚያ ክትፎ ቅቤ በተቀባ ቆጮ ጠቅልለው አነሱ። በዚያ ቀን እህል ሲነኩ አይቼ ስለማላውቅ ዓይኔን ከእጃቸው መንቀል አቃተኝ።

ይኼኔ ነው መምህር መነጽራቸውን አድርገው ባነሩ ፊት የቆሙት። አነበቡ። ዝቅ ብለው አነበቡ። እንደ ፈተና ወረቀት በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

"ይቅርታ አድርጉልኝና" አሉ ዞረው፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት የቆሙ ያህል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "የኅዳር በሽታ በእኛ አቆጣጠር 1911 አይደለም እንዴ? ጋሼ የተወለዱት በ1918 ከሆነ..."

የአባቴ ጉርሻ አፋቸው አጠገብ ደርሶ ቆመ። ልጅቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያ ጀግና ወንድሜ፣ ወደብ ላይ ከጉምሩክ ጋር የሚጋፋው ሰውዬ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እህቴ ናት የካላንደር ሰው፣ እሷ ትንገራችሁ!" ብሎ እኔ ላይ ጣለው። እግዜር ይስጠው።

ሁሉም አየኝ። አባቴም አዩኝ። ጉርሻው አሁንም እጃቸው ላይ ነው፤ ቅቤው በጣታቸው መሐል ይንጠባጠባል።

"መምህር፣ ይሳሳታሉ" አልኩ። አፌ እንደዚያ ቀንቶት አያውቅም። "የኅዳር በሽታ በ1918 ነው። በእኛው 1918። ዕድሜዬን ሙሉ ካላንደር የሸጥኩት እኔ ነኝ። ባነሩ ልክ ነው።"

"ወላሂ እሷ ካለች አለቀ!" አሉ ሐጂ ከወዲያኛው ጠረጴዛ። "መርካቶ ሙሉ እሷን ጠይቆ አይደል የሚውለው?"

ሰው ሁሉ አጉረመረመና ለእኔ ፈረደ። ስሜን፣ ሙያዬን፣ የሱቁን ክብር በአንድ አፍ ገደል ከተትኩት። መምህር ብዙ አዩኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው ያንን የቆመ ጉርሻ አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። "እንግዲህ ዓይኔም ደክሟል፣ ጭንቅላቴም ደክሟል" ብለው ሄደው ተቀመጡ። ያኔ ተነሥቼ እግራቸውን ብስም ደስ ባለኝ። አባቴ ጎረሱ። አኝከው እስኪውጡ ድረስ እኔ አልተነፈስኩም።

እንግዳው ፀሐይ ሳትጠልቅ ተበተነ። ወንድሜ አማቱን ሊሸኝ ወጣ፣ ልጅቷ ሳህን ታነሣለች። አባቴ ባነሩ ስር ተቀምጠው ጠሩኝ። ኮታቸውን ላወልቅላቸው ጎንበስ ስል እጄን ያዙኝ።

"ካላንደር መሸጥ ማን አስተማረሽ?"

"እርስዎ ነዎታ፣ አባባ።"

"የፈረንጅና የእኛ በሰባት እንደሚለይስ?"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "እርስዎ" አልኩ፣ እንደ ተማሪ።

"ያን እሑድ ልጅቷ አንብባ ሳትጨርስ ነው የቆጠርኩት። ሸምግያለሁ እንጂ አልጃጀሁም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለምን ድገሚው አሏት?"

"'አንተ አይደለህም' የሚል ድምፅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነዋ" አሉ። "ከስልክ ውስጥም ቢሆን። ደግሜ ልስማው ብዬ ነው።" እጄን ሳይለቁ ቀጠሉ። "ዛሬ ደግሞ አንቺ ሰው ፊት ቆመሽ፣ እያወቅሽ፣ ለእኔ ብለሽ ዋሸሽ። አንቺ! የሰው ሠርግ ቀን የምታርሚዋ።" ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን ሞልቷል። "ያቺ ልጅ ብቻዋን ነው የሄደችው። አጠገቧ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ጋር ብትሄድ ምን ይጎዳል ብዬ ነው። ለአንድ ቀን እንኳ።"

ያቺ ልጅ ያሉት እናታቸውን ነው። ስትሞት ከወንድሜ ልጅ እምብዛም አትበልጥም ነበር ይባላል።

አባቴ እንባቸውን በሰፊው ኮት እጅጌ ጠረጉና የቀረ ክትፎ እንዳለ ጠየቁኝ። አቀረብኩላቸው። እሳቸው ሲበሉ የባነሩ አንድ ጥግ ተፈትቶ ተንጠልጥሎ አየሁ፣ "የኅዳር በሽታ" የሚለው በኩል። ወንበር ላይ ወጥቼ አጥብቄ አሰርኩት።